መትከልና መጠበቅ፤ ስለ ናና ተክል

ለሰው በመጀመሪያ የተሰጠው ሥራ የአትክልት ሥራ እንደ ነበረ ኦሪት ዘፍጥረትን ያነበበ ሁሉ ያውቃል። ሥራውም አንድ ሳይሆን ሁለት ነበር፤ ይኸውም ገነትን ማበጀትና ገነትን መጠበቅ ነው። እነዚህ ሁለት ሥራዎች አንዱ ያለ ሌላው ፍሬ የላቸውም። ያላበጀ ሰው የሚጠብቀው የለውም፤ ያበጀውን ያልጠበቀም እንዳላበጀ ይቆጠራል። ነገር ግን የሰው ጠባይ ወደ መጀመሪያው ሥራ ያደላል። መትከል የአንድ ቀን ሥራ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ተሰብስቦ በደስታ ይፈጽመዋል፤ መጠበቅ ግን የዘወትር ሥራ ስለ ሆነ፥ ተመልካችም ስለሌለው፥ በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ሲጓደል ይታያል።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በኢትዮጵያ በየክረምቱ በአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር ችግኝ መትከል የሕዝብ ልማድ ሆኗል። ባለሥልጣኑም፥ ካህኑም፥ ተማሪውም፥ ወታደሩም ዶማና አካፋ ይዞ መውጣቱ የሚያስመሰግን ነው። ዳሩ ግን የተተከለው ሁሉ እንደማይጸድቅ ማንም ይረዳዋል። ክረምቱ ሲወጣ ችግኙ ውሃ ይሻል፤ ከከብት የሚከለክለው አጥር ይሻል፤ አረሙን የሚነቅልለት፥ ሥሩን የሚኮተኩትለት ሰው ይሻል። ይህን የመጠበቅ ሥራ ሰው በተራራ ላይ በአንድ ቀን አይማረውም፤ በገዛ ደጁ በየቀኑ ሲሠራው ነው የሚለምደው። የጓሮ መሬት የሌለው የከተማ ሰው እንኳ ይህን ትምህርት በአንድ ዕቃ አፈር ሊማረው ይችላል። ለዚህም ከናና የሚሻል ተክል በቀላሉ አይገኝም።

ናና በጥቂት ስፍራ የሚበቅል፥ ወጪው አነስተኛ፥ መዓዛው ግን ቤት የሚሞላ ቅጠል ነው። ስሙ ለአንዳንዱ ሰው እንግዳ ቢመስልም ዘመዶቹ በኢትዮጵያ ጓሮ የታወቁ ናቸው። በበርበሬ ውስጥ የሚገባው በሶብላ፥ በደጋው አገር የሚበቅለው ጦስኝ፥ ለምች የሚታሸው ዳማከሴ፥ በጥብስ ላይ የሚጨመረው ሮዝመሪ ሁሉ ከናና ጋራ የአንድ ወገን ዕፀዋት ናቸው። ዝምድናቸውን ለማረጋገጥ የሚወድ ሰው ለጋ ግንዳቸውን በሁለት ጣቱ ይዞ ቢያሽከረክረው ክብ ሳይሆን አራት ማዕዘን ሆኖ ያገኘዋል፤ ቅጠላቸውም ሁለት ሁለት እየሆነ ፊት ለፊት ይወጣል።

የናና ዓይነቱ ብዙ ነው። በቤት የሚተከሉት ግን በአብዛኛው ሁለት ናቸው። አንደኛው ጣዕሙ የለዘበው ናና ሲሆን በሞሮኮ ሕዝብ ዘንድ ከአረንጓዴ ሻይና ከስኳር ጋራ ተዘጋጅቶ ለእንግዳ የሚቀርበው ይህ ነው። ሁለተኛው በፈረንጆች ዘንድ ፔፐርሚንት የሚባለው ኃይለኛ ናና ነው። ይህም የለዘበው ናና በውሃ ዳር ከሚበቅለው ናና ጋራ ተዳቅሎ የተገኘ ሲሆን፥ የስዊድኑ የዕፀዋት ሊቅ ካርል ሊኔዎስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1753 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ስሙን መዝግቦታል። ኃይለኛው ናና ዲቃላ ስለ ሆነ እንደ በቅሎ ነው፤ በዘሩ ራሱን አይተካም። የሚራባው ከግንዱ በተቆረጠ ቁራጭና በሥሩ ነው።

ኃይለኛውን ናና ያኘከ ሰው አፉ የሚቀዘቅዘው ቅጠሉ በራሱ ቀዝቃዛ ሆኖ አይደለም። በቅጠሉ ውስጥ ሜንቶል የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ እርሱም በምላስና በቆዳ ላይ ብርድን የሚያስታውቀውን ሕዋስ ስለሚቀሰቅሰው ሰውየው ሳይበርደው የበረደው ይመስለዋል። ይህን የብርድ መቀበያ በሜንቶል አማካይነት ለይተው ያወቁት ዴቪድ ጁልየስና አርደም ፓታፑትያን ስለ ሙቀት፥ ስለ ብርድና ስለ መዳሰስ ስሜት ባደረጉት ምርምር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተካፍለዋል። ብዙ ሰው በሻይ ውስጥ ነክሮ የሚጥለው ቅጠል ታላላቅ የምርምር ሰዎችን ለዚህ ማዕርግ ካበቃው ሥራ ውስጥ ድርሻ ነበረው ማለት ነው።

በጥንት ዘመንም ቤተ መንግሥቱም ሆነ ገዳሙ ይህን ቅጠል አልናቀውም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ800 ዓ.ም. ገደማ፥ በፍራንኮች ንጉሥ በታላቁ ካርል ዘመን፥ ስለ ንጉሥ ርስቶች አስተዳደር አንድ ደንብ ወጥቶ ነበር። ደንቡ ስለ ፈረሶች፥ ስለ ወይን መጭመቂያ፥ ስለ ዓመቱ ሒሳብ አያያዝ ካዘዘ በኋላ በርስቶቹ ላይ የሚተከሉትን ዕፀዋት በስም ይዘረዝራል፤ ናናም ከተዘረዘሩት አንዱ ነው። በዚያው በ9ኛው መቶ ዓመት የራይኽናው ገዳም አበምኔት የነበረው ዋላፍሪድ ስለ አትክልቱ በላቲን ቋንቋ በገጠመው ድርሰት ናናን ከሌሎቹ ዕፀዋት ጋራ ያነሣል። ከሁሉም አስቀድሞ በደጁ ፊት የበቀለውን ሳማ በገዛ እጁ ነቅሎ መደቡን እንዳበጀ ይተርካል። የመንግሥት ሥራ የሚመራውም፥ ጸሎትና ትምህርት የሚመራውም ስለ ትንሹ ቅጠል ማሰብ ከማዕርጉ የሚያወርደው መስሎ አልታየውም።

ይሁን እንጂ በአገር ላይ ድርቅና የኑሮ ውድነት፥ ሌላም ከባድ ጉዳይ ሳለ ስለ አንድ ቅጠል መነጋገር ምን ይጠቅማል የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ ሊናቅ አይገባውም። መልሱንም ካህናት አጥብቀው ከሚያውቁት ስፍራ ማግኘት ይቻላል። በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 23 ቁጥር 23 ጌታ ጻፎችንና ፈሪሳውያንን የነቀፈው ከጥቃቅን ዕፀዋት ዐሥራት እያወጡ ከሕግ የሚከብደውን ስለ ተዉ ነው። በግሪክኛው ንባብ ከነዚያ ዕፀዋት በመጀመሪያ የተጠራው ናና ነው።

ይህን ስፍራ አስተውሎ ለሚመለከት ሰው ፈሪሳውያን የተነቀፉት ናናን ስለ ተከሉ ወይም ዐሥራቱን ስለ ሰጡ አይደለም። ፍርድን፥ ምሕረትንና ታማኝነትን ስለ ተዉ ነው። ቃሉም ትልቁን እንዲያደርጉ፥ ትንሹንም እንዳይተዉ ያዛል። እንግዲህ ትምህርቱ በሁለት ወገን የተሳለ ነው። ባለጉዳይን ከደጅ እያቆመ በመስኮቱ ላይ ያማረ ናና የሚያሳድግ ሹም ነቀፋው ይደርሰዋል። ትልቅ ሥራ አለብኝ እያለ በእጁ ያለውን ትንሽ አደራ የሚያደርቅ ሹምም ከነቀፋው አያመልጥም። ናና የድርቅ መድኃኒት አይደለም፤ የእህልንም ስፍራ አይተካም። ነገር ግን ትንሹን መጠበቅ ያልለመደ እጅ ትልቁን ለመጠበቅ እንደሚቸገር የታወቀ ነው።

ከዚህም በቀር ናናን በቤት መትከል የጤና ጉዳይ ነው። ናና እንደ ጎመን ረዥም ጊዜ የሚቀቀል ቅጠል አይደለም፤ አንዳንዴ ጥሬውን ይበላል፥ አንዳንዴም በሙቅ ውሃ ላይ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይቆያል። ስለዚህ የጠጣው ውሃና የበቀለበት አፈር ንጹሕ መሆን አለበት። በአዲስ አበባ ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ የሚባሉት ወንዞች ከፋብሪካ፥ ከመጸዳጃና ከጎዳና የሚወርደውን ቆሻሻ እየተቀበሉ ብዙ ዘመን ቆይተዋል። ልዩ ልዩ ጥናቶችም በነዚህ ወንዞች ውሃ በለሙ አትክልቶች ውስጥ እርሳስንና ክሮምን የመሳሰሉ ከባድ ብረቶች እንደ ተገኙ አሳይተዋል። ቅጠልን ማጠብ ጭቃውንና በላዩ ያለውን እድፍ ያወርዳል፤ ሥሩ ከአፈር ስቦ ወደ ውስጥ ያስገባውን ብረት ግን አያወርድም። ከጉሊት የተገዛ ቅጠል ከየት እንደ መጣ ገዢው ብዙ ጊዜ አያውቅም። በገዛ ደጁ ያበቀለው ሰው ግን አፈሩን ያውቀዋል፥ ውሃውንም ራሱ ቀድቶታል።

እንዲህ ከሆነ አተካከሉን ማወቅ ያሻል። በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ዕቃ ነው። ወርዱም ጥልቀቱም 30 ሳንቲሜትር ያህል የሆነ የሸክላ ወይም የፕላስቲክ ዕቃ ለአንድ ናና ይበቃዋል። ገዝቶ ማምጣት ለሚከብደው ሰው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከመካከሉ ላይ ተቆርጦ ታችኛው ወገን መልካም የአትክልት ዕቃ ይሆናል። ሆኖም ቀለም፥ ነዳጅ ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ለሚበላ ነገር አይገባም። ከዕቃው በታች ጣት የሚያስገቡ 5 ወይም 6 ቀዳዳዎች መበሳት አለባቸው። ብዙ ናና በቤት ውስጥ የሚሞተው ውሃ አጥቶ ብቻ አይደለም፤ ቀዳዳ በሌለው ዕቃ ውስጥ ተተክሎ ሥሩ እየበሰበሰም ነው።

ሁለተኛ የሚያስፈልገው አፈር ነው። ዋልካ አፈር በክረምት ውሃ ይቋጥራል፥ በበጋም ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ብቻውን አይሆንም። ሁለት እጅ የጓሮ አፈር፥ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ብስባሽ፥ አንድ እጅ አሸዋ ቢቀላቀል ለናና ይስማማዋል። ፍግ የሚጨምር ሰው አሮጌውንና ፈጽሞ የበሰበሰውን ይምረጥ። አዲስ ፍግ ሥርን ያቃጥላል፤ ቅጠሉ ጥሬውን የሚበላ በመሆኑም በሽታ ያመጣል።

ሦስተኛው ተክሉ ነው። የናና ዝርያዎች እርስ በርሳቸው የሚዳቀሉ ስለ ሆኑ ከዘር የበቀለው ናና እናቱን ላይመስል ይችላል። ከጎረቤት ጓሮ ወይም ትኩስ ሆኖ ከተገዛ እስር ላይ የተወሰደ ቁራጭ ግን እናቱን ይመስላል። ያላበበ፥ ጤነኛ የሆነ፥ ርዝመቱ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር የሚሆን ጫፍ ተመርጦ ከአንጓው ዝቅ ብሎ በንጹሕ ምላጭ ይቆረጣል። የታችኞቹ ቅጠሎች ተነቅለው ላይኞቹ ብቻ ይተዋሉ። ቁራጩም ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ተደርጎ ብርሃን በሚያገኝበት፥ የጠራራ ፀሐይ ግን በማይመታው ስፍራ ይቀመጣል። ውሃው በየሁለት ቀኑ ቢለወጥ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ከአንጓው ላይ ነጭ ሥር ይወጣል። ሥሩ 3 ወይም 4 ሳንቲሜትር ሲደርስ ወደ አፈር ይዛወራል። ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ብርጭቆ እንደ መማሪያ መጽሐፍ ነው፤ በአፈር ውስጥ የሚሰወረውን የሥር አወጣጥ በዓይናቸው ያዩታልና።

ስፍራውን መምረጥም ብልኀት ይጠይቃል። ናና በቀን ከ4 እስከ 6 ሰዓት ፀሐይ ቢያገኝ ይበቃዋል፤ ይልቁንም የጧት ፀሐይ ይወዳል። እንደ ድሬዳዋ ባለ ቆላ አገር ከቀትር በኋላ ጥላ ያስፈልገዋል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ግን ውሃው ካልጎደለበት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ቢመታው አይጎዳም። በኮንዶሚኒየም ቤት የሚኖር ሰው ወደ ምሥራቅ የሚመለከት በረንዳ ቢኖረው ከዚያ የተሻለ ስፍራ አይፈልግ።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ሁሉ መትከል ነው፤ በአንድ ቀን ያልቃል። ከዚህ በኋላ ግን መጠበቅ ይመጣል።

የጥበቃው መጀመሪያ ውሃ ነው። ናና አፈሩ ርጥበት እንዲኖረው ይወዳል፤ በውሃ መዋጥን ግን አይወድም። ልኩን ለማወቅ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጣትን 2 ሳንቲሜትር ያህል ወደ አፈሩ ማስገባት ይበቃል። ጣቱ ደረቅ ሆኖ ከወጣ ከታች በቀዳዳው እስኪፈስ ድረስ ማጠጣት ይገባል፤ ርጥብ ሆኖ ከወጣ ለነገ ማቆየት ነው። ከዕቃው ሥር በሳህን ላይ የተጠራቀመውን ውሃ ማፍሰስ ያሻል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አትክልት ወይም ሩዝ የታጠበበት ውሃ ሳሙና እስከሌለበት ድረስ ለናና ይሆናል። ከሐምሌ እስከ ነሐሴ ባለው የዝናብ ብዛት ዕቃውን ከጣራው ክፈፍ ሥር ማስጠጋት፥ በኅዳርና በታኅሣሥም በውርጩ ሌሊት ከግድግዳ ማስጠጋት ወይም በጨርቅ ማልበስ ተክሉን ከጉዳት ያድነዋል።

ሁለተኛው የጥበቃ ሥራ መቁረጥ ነው። ይህ ነገር ለጀማሪ የሚያስደንቅ ነው፤ ያልተቆረጠ ናና ይጎዳልና። ተክሉ 15 ወይም 20 ሳንቲሜትር ሲደርስ ጫፉ ከጥንድ ቅጠል በላይ ሲቀነጠስ በአንዱ ስፍራ ሁለት ቅርንጫፍ ይወጣል። ሰው አሳዝኖት ሳይቆርጠው ቢተወው እንደ ቀጭን ሸንበቆ ወደ ላይ ይመዘዛል፥ ከታች ይራቆታል፥ ፈጥኖም ያብባል። ካበበ በኋላ የቅጠሉ ጣዕም ይቀንሳል። በአንድ ጊዜ ግን ከተክሉ ሲሶ የሚበልጥ መውሰድ አይገባም፤ ቅጠሉን ሁሉ የገፈፈ ሰው ለተክሉ ምግብ የሚያዘጋጅለትን አስወግዶበታል። እንግዲህ ምንም አለመውሰድም፥ ሁሉን መውሰድም ጥፋት ነው።

ሦስተኛው ተባይና በሽታን መከታተል ነው። ክሽክሽና ቀይ ሸረሪት ብዙ ጊዜ ከቅጠሉ በታች ይሸሸጋሉ፤ ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ቅጠሉን ገልብጦ ማየት ይገባል። ቀድሞ የተገኘ ተባይ በውሃ ግፊት ታጥቦ ይወርዳል፤ ቢብስ እጅግ ቀጥኖ በተበጠበጠ ሳሙና ተረጭቶ ኋላ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። ገበሬ በስንዴው ላይ የሚፈራው ዋግ የመሰለ፥ የዋግ ወገን የሆነ በሽታም ናናን ይይዛል። ምልክቱ ከቅጠሉ በታች የሚታየው ብርቱካንማ ወይም ቡናማ አቧራ የመሰለ ነጠብጣብ ነው። ይህ ሲታይ የታመመውን ግንድ ከሥሩ ቆርጦ ከቤት ማራቅ እንጂ በብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ መጣል አይገባም። ምሽት ላይ ቅጠሉን ከማርጠብ ይልቅ ጧት አፈሩን ማጠጣት በሽታውን ይቀንሰዋል።

አራተኛው የጥበቃ ሥራ ወሰን ማበጀት ነው፤ ናናም ከብዙ አትክልት የሚለይበት ጠባይ ይህ ነው። ናና ከመሬት በታችና በመሬት ላይ የሚሳብ ግንድ አለው። ያም ግንድ በየአንጓው ሥር እየሰደደ አዲስ ተክል ያወጣል። በመደብ ላይ ያለ ወሰን የተተከለ ናና በጥቂት ዓመት ውስጥ የበሶብላውንና የጦስኙን ስፍራ ይዞ ብቻውን ይቀራል። ስለዚህ በዕቃ መትከሉ ይሻላል። በመሬት ለመትከል የሚወድ ሰው ግን ታቹ የተቆረጠ ባልዲ 30 ሳንቲሜትር ያህል ወደ መሬት ቀብሮ፥ አፉን ከአፈሩ በላይ 4 ወይም 5 ሳንቲሜትር አስቀርቶ፥ ናናውን በመካከሉ ይትከል። ከአፉ ተሻግሮ የሚወጣውንም ግንድ በየጊዜው ይቁረጥ።

በዕቃ ውስጥ ያለውም ቢሆን ሥሩ ዕቃውን ስለሚሞላው መካከሉ ይደርቃል። ስለዚህ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ አውጥቶ በቢላዋ መክፈል፥ ከዳር ያለውን ወጣት ክፍል በአዲስ አፈር መትከል፥ የተረፈውንም ለጎረቤት መስጠት ይገባል። ከአንድ ቤት የወጣ ናና በዚህ መንገድ የሰፈር ናና ይሆናል፤ የሰጪውንም ቤት አያጎድልበትም።

እንግዲህ ቸልታ ናናን በሁለት መንገድ እንደሚያበላሸው ልብ ማለት ያስፈልጋል። ውሃ የሚያጠጣው ባይኖር ይደርቃል፤ ወሰን የሚያበጅለት ባይኖር ሌላውን ያጠፋል። መልካም ነገር ሁሉ እንዲሁ ነው። የሚደግፈውና የሚገታው እጅ ባንድነት ካልኖሩለት መልካምነቱ ብቻውን አያቆመውም። ሹመት የተሰጠው ሰው በእጁ ስላሉት ሠራተኞች፥ አባት ስለ ልጆቹ፥ መምህር ስለ ደቀ መዛሙርቱ ቢያስብ ይህን እውነት በየቀኑ ያገኘዋል።

ስለ ጥቅሙም ሲነገር ልክ ሊኖረው ይገባል። የናና ሻይ ከምግብ በኋላ ደስ የሚያሰኝ መጠጥ ነው፤ ወተት ስለማይገባበትም ለጾም ወራት የተመቸ ነው። የተረፈው ቅጠል ታጥቦ፥ ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ ደርቆ፥ በተከደነ የብርጭቆ ዕቃ ቢቀመጥ ለብዙ ወራት ይሆናል። ሐኪሞችም የኃይለኛው ናና ዘይት፥ በአንጀት ውስጥ እንዲሟሟ በተሠራ ሽፋን ሲሰጥ፥ ለአንዳንድ የአንጀት ቁርጠት በሽተኞች እንደሚረዳ ተገንዝበዋል። ነገር ግን በሻይ የሚጠጣው ቅጠልና ተጣርቶ የወጣው ዘይት አንድ አይደሉም። ቃር የሚያስቸግረው ሰው ናና ሲያበዛ ቃሩ ሊብስበት ይችላል። ዘይቱንም በሕፃን ፊትና አፍንጫ አጠገብ መቀባት ለትንፋሹ አደገኛ ነው። ከዚህ ያለፈ መድኃኒትነት እያወሩ ሕመምተኛን ከሐኪም ማዘግየት ቅጠሉን ማክበር ሳይሆን ሰውን መጉዳት ነው።

በኢትዮጵያም ይህ ተክል በምርምር ሰዎች ዘንድ የተረሳ አይደለም። በወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል ናናና ሌሎች መዓዛማ ዕፀዋት ሲጠኑ ቆይተዋል። ተመራማሪው የሠራው ሥራ ግን ወደ ቤት ካልገባ በወረቀት ላይ ይቀራል። ወደ ቤት የሚያስገባውም ባለሙያዪቱ እመቤት፥ አትክልተኛው፥ አስተማሪውና የሰበካው ካህን ናቸው።

ስለዚህ ሦስት ነገር ቢደረግ ይጠቅማል። አንደኛ፥ በየቤቱ አንድ ዕቃ ናና ይተከል፤ ጠባቂውም ከልጆች አንዱ ሆኖ በስም ይታወቅ። ለሁሉ የተሰጠ አደራ ለማንም እንዳልተሰጠ ነውና። ሁለተኛ፥ በቤተ ክርስቲያን ቅጽርና በትምህርት ቤት ግቢ፥ ውሃ በሚገኝበት ስፍራ፥ ናና፥ ጤና አዳም፥ በሶብላና ዳማከሴ የሚበቅሉበት ትንሽ መደብ ይዘጋጅ። የአብነት ተማሪውም የዘመናዊ ትምህርት ቤቱ ተማሪም የዕፀዋቱን ስም፥ ጠባይና ጥቅም ከሚያውቁ ሽማግሌዎች አፍ ይማር። የከተማ ልጅ ዳማከሴን ከሌላ ቅጠል መለየት ካቃተው ዕውቀቱ ከአያቶቹ ጋራ ሊቀበር ነው።

ሦስተኛው መሥሪያ ቤቶችን የሚመለከት ነው። ማንኛውም መሥሪያ ቤት ተክል ሲተክል በመዝገቡ ላይ የተካዩን ስም ብቻ ሳይሆን የጠባቂውንም ስም ይጻፍ። የሚነገረውም ቍጥር በተተከለበት ቀን የተተከለው ሳይሆን ዓመት ሲሞላው በሕይወት የተገኘው ይሁን። ይህ ደንብ ለአንድ ዕቃ ናናም፥ ለአንድ ሺህ የጽድና የወይራ ችግኝም እኩል ይሠራል። መቍጠሩ ሊያሳፍር ይችላል፤ ነገር ግን ያሳፈረው ቍጥር በሚመጣው ዓመት ያርማል፥ ያልተቈጠረው ግን ሁልጊዜ እንዳማረ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አዲስ አዋጅም አያስፈልገውም። የተቆረጠ ጀሪካን፥ ጥቂት አፈር፥ ከጎረቤት የተለመነ አንድ ጫፍ ናና፥ በጧትም ጣትን ወደ አፈሩ አስገብቶ ደረቅ ነው ወይስ ርጥብ ነው ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ይበቃል። ከእነዚህ ሁሉ ውድ የሆነው የመጨረሻው ነው። አገርም ከሁሉ ይልቅ የምትፈልገው እንዲህ ያለውን ሰው ስለ ሆነ፥ ሹሙም ካህኑም አስቀድመው በገዛ ደጃቸው ምሳሌ ሊሆኑ ይገባል።